በኅብረት መሥራትና በስም መቈጠር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ በአዳራሹ ያደረገው ንግግር)

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ አዳራሽ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከዓመታት በፊት በዚሁ አዳራሽ፣ ከኋላ በመስኮቱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የእንግዶቹ ንግግር መቼ ባለቀ እያልሁ እጠብቅ ነበር። ዛሬ በዚያው አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ተማሪዎች አሳብ ስለማውቀው፣ ንግግሬን ከሚገባው በላይ እንደማላስረዝም አስቀድሜ ቃል እገባለሁ።

የምናገርበት ጉዳይ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየሠሩ ስለሚማሩበት ዘዴ ነው። ይህም የፕሮጀክት ትምህርት ይባላል። ከእናንተ ብዙዎቹ በቅርብ ጊዜ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ትደርሳላችሁ። እዚያም ብዙ ሳትቈዩ መምህሩ «አምስት አምስት ሆናችሁ ይህን ሥሩ» ይላችኋል። ያን ጊዜ ምን እንደሚያጋጥማችሁ ከወዲሁ ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ አሰብሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

በዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ አምስት ተማሪዎች ሆነን በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ መሣሪያ ነድፈን እንድንሠራ ታዘዝን። መሣሪያው ሲያልቅ ከግቢው አጠገብ ለሚኖሩ ገበሬዎች የሚሰጥ ነበር። እኔ በንድፍ ሥራ እመካ ስለ ነበር፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብሁና «ይህን ለእኔ ተዉልኝ» አልሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ ይህን በሰሙ ጊዜ ደስ አላቸው፤ ከዚያም ወዲያ ስማቸው በሽፋኑ ላይ መጻፉን ለማረጋገጥ ካልሆነ በቀር ብቅ አላሉም። ሦስተኛው በብየዳው ረዳኝ። አራተኛዋ እኅታችን ግን የገበሬ ልጅ ነበረችና «በቆሎ ሁሉ አንድ ውፍረት የለውም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም አለ። ደግሞ በደንብ ያልደረቀ በቆሎ አይፈለፈልም፤ ይጨፈለቃል» አለችኝ። እኔም «እሱን ስሌቱ ያሳየናል» ብዬ አሳለፍኋት። ሁለተኛም ተናገረች፤ አልሰማኋትም። ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

መሣሪያው አለቀ፤ ቀለም ተቀባ፤ አማረም። በሙከራው ቀን ገበሬዎቹ በተሰበሰቡበት አንድ አባት ከማሳ የመጣ በቆሎ አቀበሉኝ። እጀታውን ሳዞረው ወፍራሙ በቆሎ ተሰክቶ ቀረ፤ ቀጭኑ ደግሞ ፍሬው ከቆረቆንዳው ሳይለቅ ሾልኮ ወጣ። ከረገፈውም ፍሬ የሚበዛው ተሰባብሮ ነበር። እኚያ አባት የተሰበረውን ፍሬ በእጃቸው ዘግነው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ እኮ ለነቀዝ ነው የሚሆነው» አሉኝ።

በማግሥቱ ፈታኙ መምህር እየተራ ጠየቁን። «ፍሬው ለምን ተሰበረ?» ባሉ ጊዜ እኔ ስለ ብረቱ ጥንካሬ ብዙ ተናገርሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ አቀረቀሩ። ያች እኅታችን ግን ምክንያቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ገልጣ አስረዳች። መምህሩም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይህን የምታውቅ ሰው በመካከላችሁ ሳለች፣ አንተ ከማን ጋር ነው የሠራኸው?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

በቡድን ሥራ ላይ ዘወትር የምንሰማው ወቀሳ በሰነፉ ላይ ነው። ይኸውም ሌሎች ሲደክሙ እርሱ ተኝቶ ስሙን ብቻ ስለሚያስጽፈው ተማሪ ነው። ወቀሳው ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ጥፋተኛ መኖሩን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። እርሱም ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዘው ጎበዝ ነው። ሰነፉ ድርሻውን ይጥላል፤ ጎበዙ ደግሞ የሌላውን ድርሻ ይነጥቃል። የሁለቱም ፍጻሜ አንድ ነው፤ በወረቀት ላይ አምስት ስም ይገኛል፣ የሠራው ግን አንድ ሰው ነው። እኔ ሁለተኛው ነበርሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስም በዚህ የሚያመሰግነኝ እንጂ የሚወቅሰኝ አልነበረም።

ሰው በብዛት ሲሰበሰብ ለምን እንደሚሰንፍ ሊቃውንት መርምረዋል። ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ያላቸውን ኃይል ለክቶ ነበር። አንድ ሰው ለብቻው ሲጎትት የሚያወጣውን ኃይል 100 ብንለው፣ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ኃይል ወደ 93፣ ሦስት ሲሆኑ ወደ 85፣ ስምንት ሲሆኑ ወደ 49 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስምንቱ ሰዎች በጠቅላላው የጎተቱት የአራት ሰው ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሪንግልማን ለዚህ ዋናውን ምክንያት የሰጠው ሰዎቹ እኩል ባለመሳባቸው ነበር። በ1979 ግን ላታኔ፣ ዊሊያምስና ሃርኪንስ የተባሉ ሦስት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር ሰዎችን እያስጮሁና እያስጨበጨቡ ሌላ ሙከራ አደረጉ። ሰውየው ብቻውን እየጮኸ ሳለ፣ ዐይኑና ጆሮው ተሸፍኖ ሌሎች አብረውት የሚጮሁ ሲመስለው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እንግዲህ ድካሙን የቀነሰው አለመገጣጠም ብቻ አይደለም፤ ከብዙው መካከል መሰወር መቻሉም ነው።

እነዚሁ ሰዎች በ1981 ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምረናል። በጉባኤ ውስጥም ሆኖ የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲነገራቸው፣ የሰዎቹ ትጋት እንደ ፊተኛው አልቀነሰም። ስለዚህ ሰውን የሚያሰንፈው አብሮ መሆኑ አይደለም፤ ድርሻው አለመታወቁ ነው። ድርሻው ከታወቀ ግን በብዙዎች መካከልም ይተጋል።

ይህን ነገር የእኛ ገበሬ ያለ ሙከራ ያውቀዋል። ደቦና ወንፈል በየገጠሩ የቈዩ የኅብረት ሥራ ሥርዓቶች ናቸው። በደቦ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራውም በአንድ ቀን አጭዶለት ወይም አርሞለት ይሄዳል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ ለእኔ አንድ ቀን የሠራህ እንደ ሆነ፣ ነገ እኔ ለአንተ አንድ ቀን እሠራለሁ። ቀኑ ይቈጠራል፤ ያልመለሰም ይታወቃል። በወንፈል ዋርካ ሥር ተጋድሞ «እኔም ነበርሁ» ማለት አይቻልም። እንግዲህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል፣ ከድሩ መካከል አንዱ ክር የላላ እንደ ሆነ አንበሳው በዚያ በኩል እንደሚያመልጥ ማሰብ ይገባናል።

አሁን ደግሞ ይህን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ያገቡት ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንመልከት።

በትምህርት ዓለም የፕሮጀክትን ዘዴ በሰፊው ካስታወቁት አንዱ አሜሪካዊው መምህር ዊልያም ኪልፓትሪክ ሲሆን፣ ስለዚሁ የጻፈው ጽሑፍ በ1918 ታትሟል። የአሳቡም መሠረት ተማሪ ዓላማውን የራሱ አድርጎ በሙሉ ልቡ ሲሠራ ይማራል የሚል ነው።

በእኛ አገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው የጎንደር ምሳሌ ነው። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ተቋቋመ። በዚያም የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያ በአንድ ግቢ ይሠለጥኑ ነበር። ተማሪዎቹም ሠርተፍኬታቸውን ይዘው ከመለያየታቸው በፊት፣ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ አብረው መሥራትን ተማሩ። ይህ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ወባን አስቡ። የጤና መኰንኑ ለታመመው መድኃኒት ይሰጣል። ነገር ግን ከቤቱ በታች ያለው ረግረግ ካልደረቀ ሰውየው ተመልሶ ይታመማል፤ ይህ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ሥራ ነው። ነርሷ ከቤት ወደ ቤት ሄዳ እናቲቱን ካላነጋገረች ደግሞ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይሞታል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የሁለቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። የሦስቱም ሥራ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ ያልሠራው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። እውነተኛ ቡድን ማለት ይህ ነው።

በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ኋላም የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ይህን መንገድ አስፍቶ ያዘው። በዚያ ትምህርቱ በኅብረተሰቡ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። ተማሪዎች በቡድን ወደ ሠፈርና ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ የሕዝቡን ችግር ያጠናሉ፤ ከችግሮቹ የሚብሰውን ይመርጣሉ፤ ዐቅዳቸውን ያወጣሉ፤ የሚቻላቸውንም ሠርተው ውጤቱን ይመዝናሉ። በትምህርታቸው መጨረሻ ደግሞ የሕክምና፣ የነርስነት፣ የላቦራቶሪና የሌላውም ክፍል ተማሪዎች ተቀላቅለው ለሳምንታት በአንድ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ። በክፍል ውስጥ እምብዛም የማይናገር ተማሪ በእንዲህ ያለ ቦታ ሲተጋ የሚገኝበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚጠብቀው ነጥብ ብቻ ሳይሆን ሰው ነውና።

ከውጭ አገር ደግሞ የዴንማርኩን የኦልቦር ዩኒቨርሲቲ እጠቅሳለሁ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1974 ከተመሠረተ ጀምሮ ትምህርቱን በፕሮጀክት ላይ አቁሞታል። ተማሪዎች ከትምህርት ዘመናቸው ግማሽ ያህሉን በቡድን አንድን እውነተኛ ችግር በመመርመር ያሳልፋሉ፤ ሥራቸውንም የሚከታተል መምህር ይመደብላቸዋል። በጣም የወደድሁላቸው ሥርዓት ግን ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ሠሩት ነገር ከሚያቀርቡት ጽሑፍ ሌላ፣ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ሠሩ፣ የት እንደ ተጣሉ፣ እንዴትም እንደ ታረቁ መርምረው ይጽፋሉ። አብሮ መሥራትም እንደ ሒሳብና እንደ ፊዚክስ ሁሉ የሚጠና ነገር መሆኑን በዚህ ይማራሉ።

በዚያው አገር ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ2006 መንግሥት ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንዳይፈተኑ ከለከለ። የከለከሉት ሰዎች ሰነፉ በጎበዙ ጥላ ሥር ያልፋል ብለው ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በኅብረት የተሠራውን ለብቻ መፈተን ኅብረቱን ያፈርሰዋል አሉ። በ2012 ክልከላው ተነሣ፤ የቡድን ፈተናም ተመለሰ። ተማሪዎቹ በአንድነት ቀርበው ስለ ሥራቸው ይከራከራሉ፤ ነጥቡ ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻው ይሰጣል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ነበራቸው። ኅብረቱን ብቻ ያየ የሰነፉን መሸሸጊያ ይሠራል፤ ነጠላውን ብቻ ያየ ደግሞ እንደ እኔ ያለውን ነጣቂ ያበዛል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናተርፈው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ለእናንተ ለተማሪዎች ጥቂት ምክር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የምትሠሩት ሥራ ለማን እንደሚጠቅም አስቀድማችሁ እወቁ፤ ቢቻል ሄዳችሁ ያንን ሰው አነጋግሩት። እኔ ወረቀት ከመዘርጋቴ በፊት አንድ ቀን ከገበሬ ደጅ ተቀምጬ በቆሎ ብፈለፍል ኖሮ ያ ውርደት ባልደረሰብኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ስትከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ሰው ሊጠየቅበት የሚችል ድርሻ ስጡት። «ሁላችንም እንሠራዋለን» የተባለ ሥራ ማንም የማይሠራው ሥራ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሠራውን ሰውና የተሠራውን ጻፉ። ይህ መካሰሻ ሳይሆን እንደ ወንፈል ቀን መቍጠሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ ድርሻችሁን ለይታችሁ ስትይዙ የሌላውንም ድርሻ ተማሩ። በየሳምንቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ለቡድኑ ያስረዳ። አጥርተን ያላወቅነውን ነገር ማስረዳት እንደማይቻል ያን ጊዜ ታያላችሁ።

አራተኛ፣ ዝም ያለውን ሰው ጠይቁት። ዝምታ ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት አይደለም። አንዳንዱ ዝም የሚለው ሁለት ጊዜ ተናግሮ ሰሚ ስላጣ ነው። ቅሬታ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገር፤ እስከ ፈተናው ዋዜማ የተደበቀ ቅሬታ ጠብ ይሆናል።

የተከበራችሁ መምህራን፤

እኔም ዛሬ መምህር ስለ ሆንሁ ይህን የምናገረው ከእናንተ እንደ አንዱ ሆኜ ነው። ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርጎ መክፈል ግማሽ ሥራ ነው፤ በዚያ የተውነው እንደ ሆነ ቡድን ሳይሆን ስም ዝርዝር ሠራን። በየጊዜው ወደ ቡድኑ ጎራ ብለን አንዱን መርጠን «ይህን አንተ አስረዳኝ» ማለት አለብን። ለጠቅላላው ሥራ ነጥብ ስንሰጥ፣ ለእያንዳንዱም ባስረዳው መጠን መስጠት ይገባናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ይህን ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱን የውሃ ቧንቧ ፍሳሽ መለካት፣ የግቢውን ዛፎች መቍጠርና መመዝገብ፣ የሠፈሩን የቈሻሻ መጣያ ማጥናት ለአንድ ቡድን የሚበቃ ሥራ ነው። ይህ የበዓል መጽሔት ራሱ፣ አንዱ ሲጽፍ፣ ሌላው ሲያርም፣ ሦስተኛው ሥዕል ሲያዘጋጅ የተሠራ ስለ ሆነ፣ እነሆ በእጃችን ያለ ምስክር ነው።

ክቡራን ወላጆች፤

ልጃችን ሰርተፊኬት ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ከክፍልህ ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ነው። እናቴም ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ ለትጋቴም ምክንያት ስለ ሆነችኝ አመሰግናታለሁ። ነገር ግን በአንድ ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ይህን ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ ጓደኛውን እንደ ረዳት ሳይሆን እንደ ተቀናቃኝ ማየት ይለምዳል፤ እንደ እኔም ወረቀቱን ወደ ራሱ መሳብ ይወድዳል። ስለዚህ ከዚያኛው ጥያቄ ቀጥላችሁ ሌላ እንድትጨምሩለት እለምናችኋለሁ፦ «ዘንድሮ ከማን ጋር ምን ሠራህ? የማታውቀውን ማን አስረዳህ? አንተስ ማንን አስረዳህ?» ይህ ጥያቄ በየቤቱ ቢለመድ፣ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሱ ግማሹን ትምህርት ተምረው ይሄዳሉ።

አሁን የጀመርሁትን ታሪክ ልፈጽምና ልቀመጥ። ከዚያ ፈተና በኋላ መምህሩ ራርተው የሁለት ሳምንት ጊዜ ጨመሩልን። ሁለቱን ጓደኞቻችንን ጠርተን፣ ለእያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ሰጠን፤ እነርሱም እንደ ፈራነው ሳይሆን በደንብ ሠሩ። አንደኛው በየቀኑ ከገበያ በቆሎ እያመጣ የሚደርቅበትን ቀን ሲመዘግብ፣ ሁለተኛው የበቆሎውን ውፍረት አንድ በአንድ ለካ። ያች እኅታችን የመሣሪያው ጥርስ ለወፍራሙ እንዲሰፋ፣ ለቀጭኑ እንዲጠብብ በሞላ ላይ እንዲቀመጥ አሳብ አቀረበች። በብየዳ የረዳኝ ጓደኛችን ሠራው። እኔ ደግሞ እሷ «አጥብቅ» ስትለኝ የማጠብቅ፣ «አላላ» ስትለኝ የማላላ፣ ኪያቬ ያዥ ሆንሁ።

መሣሪያው በሁለተኛው ሙከራ ሠራ። እኚያ አባት የረገፈውን ፍሬ እንደገና ዘግነው አዩት፤ ምንም ሳይናገሩ ወደ ጆንያው መለሱትና ሌላ በቆሎ አቀበሉን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን ያለ ምስጋና ግን ያገኘሁ አይመስለኝም። በዚያ ሪፖርት ሽፋን ላይ አምስት ስም ተጽፎ ነበር። በዚያች ቀን አምስቱም እውነት ነበሩ።

እናንተም በምትሠሩት ሁሉ ስማችሁ እውነት እንዲሆን እመኛለሁ። ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፣ ለመምህራኑ ጤና፣ ለተማሪዎቹም መልካም ፍሬ ይስጥልን።